ሳጥን የሚጥሉት መምህር

የጋሽ ሽፈራውን ማረፍ የሰማሁት ሊፍት ውስጥ ነው። ሁለት ጣቃ የመጋረጃ ጨርቅ ታቅፌ ወደ አራተኛ ፎቅ ልወጣ ስል ዶክተር ብሩክ በሩ ሳይዘጋ ተከትሎኝ ገባ። ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ የጋሽ ሽፈራው የድሮ ተማሪ ነው። መጋረጃ ሊያሰፋ እንዳልመጣ ፊቱን አይቼ አወቅኩ። የሊፍቱን ግድግዳ በመዳፉ ዳበስ አደረገና፣ «ሐያት፣ ጋሼ ትናንት አረፉ» አለኝ። ባቱ ከተማ፣ ልጃቸው ቤት፣ ምሳ በልተው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ነጠላዋን ደርባላቸው ወደ ውስጥ ገባች አሉ።

በሩ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከፈተ። ሁለታችንም አልወጣንም። ትንሽ ጠበቀንና ተመልሶ ተዘጋ።

ሌላ ቦታ ቆሜ ብሰማው ኖሮ አለቅስ ነበር ይሆናል። እዚያ ግን ለቅሶ አልመጣልኝም። ያ ሊፍት የሚመላለስበት ጉድጓድ፣ ሊፍቱ ሳይገባለት በፊት፣ የጋሽ ሽፈራው ነበር። ከሰባተኛ ፎቅ ሳጥን ይጥሉበት ነበር። እኔ ደግሞ ሳጥኑ የሚያርፍበትን ፍራሽ እሰፋ ነበር።

መጀመሪያ ያየኋቸው አክስቴ ከድጃ ቤት ነው። አክስቴ አዳማ ገበያው ጀርባ ፍራሽና ትራስ ትሰፋ ነበር፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ጀምሮ ከእሷ ጋር ነኝ። ደንበኛ ሲመጣ ከጥጥ ክምሩ ጀርባ ነበር የምቀመጠው። ዓይን አፋር ነኝ፤ ያኔ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። የዚያን ቀን አንድ ረዥም ሽማግሌ የብልጭታ እሳት የበሳሳው የካኪ ጋውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን በሲባጎ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። የግራ ቅንድባቸው ግማሹ የለም። በኋላ እንደሰማሁት ብየዳ ሲያስተምሩ የነደደ ነው፤ ተመልሶ አልበቀለም።

«ፍራሽ ፈልጌ ነበር» አሉ።

«ስንት በስንት?» አለች አክስቴ።

«ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር። ውፍረቱ እስከዚህ» ብለው ደረታቸውን አሳዩ።

አክስቴ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካች። «ለስንት ሰው ነው ጋሼ?»

«ለሰው አይደለም። ከሰባተኛ ፎቅ ለሚወድቅ ሳጥን ነው።»

«ሳጥኑ ውስጥስ ማን አለ?»

ትንሽ አሰቡ። «አንዲት አረፋ» አሉ።

«ወላሂ ጋሼ፣ እኔ ከፖሊስ ጋር ጉዳይ አልፈልግም።»

እሳቸው ግን አልተቆጡም። በርጩማ ስበው ተቀመጡና ለአክስቴ፣ አንድም ነገር ሳያስቀሩ፣ ሲያስረዷት ዋሉ። እኔ ከጥጡ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። በትምህርት ቤት ማንም ለእኔ እንደዚያ ረጋ ብሎ አስረድቶኝ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀንም ለእኔ አልነበረም የሚያስረዱት፣ ግን ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዎች ከምድር በላይ፣ ክብደት በሌለበት ቦታ፣ ቤት ሠርተው እየኖሩ ነው፤ ወደፊት ደግሞ ይበዛሉ። ጋሽ ሽፈራው ሁልጊዜ የሚሏት ነገር ነበረች፦ «ሰው በሄደበት ሁሉ ዕቃ ይሰበራል።» ቧንቧ ይሰነጠቃል፣ ሽቦ ይበጠሳል። ማን ይበይደዋል? እዚህ ሬዲዮ ጠጋኝ ሽቦ የሚያጣብቅበትን ሊድ ሲያቀልጥ፣ በሊዱ ውስጥ የተፈጠረው አረፋ ቀሎ ወደ ላይ ይወጣና ይጠፋል። ክብደት በሌለበት ግን ላይም ታችም የለም። አረፋዋ መውጫው ጠፍቷት እዚያው ሊዱ ውስጥ ትቀራለች፤ ሊዱ ሲደርቅ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ በኋላ በዚያ በኩል ይሰበራል። እሳቸው የሚፈልጉት አረፋዋ ያለ ክብደት ራሷ የምትወጣበትን ዘዴ ነው። ክብደት የሌለበትን ቦታ ደግሞ አዳማ ውስጥ ማግኘት ይቻላል፤ የሚወድቅ ነገር፣ መሬት እስኪነካ ድረስ፣ ክብደት የለውም።

አክስቴ በመጨረሻ፣ «ጭዱን እርስዎ ያምጡ፣ ስፌቱን እኛ» አለች። ያመነቻቸው አይመስለኝም። ግን ወደደቻቸው።

ፎቁ የሐጂ ሰዒድ ነው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ብረትና ሲሚንቶ ነጋዴ። ሁለቱም ልጆቻቸው ብየዳ የተማሩት ከጋሽ ሽፈራው ነው። ሰባት ፎቅ አቁመው፣ የታችኛውን ሱቅ አከራይተው፣ ላዩ ገና መስኮት እንኳ አልገባለትም ነበር። የሊፍቱ ጉድጓድ ከላይ እስከ ታች ባዶውን ቆሟል። ሐጂ ጉድጓዱን ሲሰጧቸው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «መምህር፣ ሊፍቱ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ የእርስዎ ነው። ከዚያ በኋላ አላህ ያውቃል።»

እንደዚያ ያለ ባዶ ጉድጓድ ደግሞ ሌላ አልነበረም። ጋሽ ሽፈራው ከተማውን ሁሉ ዞረው ነበር። የውሃ ማማ ጠይቀው አይሆንም ተብለዋል፤ የእህል መጋዘን ጠይቀው ተስቆባቸዋል። ስለዚህ ሊፍቱ ከመምጣቱ በፊት አረፋዋ መውጣት ነበረባት። ሁላችንም ይህንን እናውቅ ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ እንኳ ያውቁ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬም ሊጥሉ ነው?» ይሏቸዋል።

«ልጥል ነው።»

«ባጃጄንም አብረው ይጣሉልኝ፣ ሰልችቶኛል።»

«ለመጣል መጀመሪያ ማንሳት አለ» ይሉ ነበር እሳቸው። «ልፋቱ እዚያ ላይ ነው። አንተ ተሸክመህ ውጣ፣ እኔ እጥልልሃለሁ።»

የመጀመሪያው ፍራሽ አልሆነም። ከማዳበሪያ ጆንያ ሰፍተን ገለባ ጠቅጥቀንበት ነበር፤ ሳጥኑ ሲያርፍበት እንደ ኳስ አንጥሮ ግድግዳው ላይ ላከው። ጋሽ ሽፈራው የተሰበረውን ሳጥን አላዩም። ፍራሹን ነው ያዩት። በጉልበታቸው ተንበርክከው በእጃቸው ይጫኑታል፣ ይለቁታል። ከዚያ ዞረው እኔን፣ «ምን አየሽ?» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። አክስቴ፣ «እሷ አትናገርም ጋሼ፣ ይተዋት» አለች።

«እጠብቃለሁ» አሉ። እውነትም ጠበቁ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ቸኩለው ሳይሆን፣ ጊዜ እንዳለው ሰው ጠበቁኝ።

«ምን እንደሆነ አልገባኝም» አልኩ በመጨረሻ።

«የገባሽን አልጠየቅኩሽም። ያየሽውን ነው።»

«ተነፋ» አልኩ። «ሲያርፍበት ጎንና ጎኑ ተነፋ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ነፋሱ መውጫ አጥቶ ነው ማለት ነው አሉ ለራሳቸው። በማግስቱ ከዓለም ጤና ከተማ የሽንኩርት ጆንያ፣ ያንን ቀይ ወንፊት የመሰለውን፣ በጋሪ አስጭነው መጡ። በእሱ ሰፋነው። ሳጥኑ ሲወድቅ ነፋሱ በቀዳዳው ፉት እያለ ወጥቶ ሳጥኑ ገለባው ውስጥ ሰመጠ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ በተጣለ ቁጥር ይጠይቁኛል፣ ምን አየሽ። እኔም መልስ እንዲኖረኝ ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ሳጥኑ ሲጣል ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ሐጂ ሰዒድ ይህን ሲያዩ፣ «ይሄ ሰውዬ ለሳጥን የሐዘን ወጉን ያደርሳል» ብለው ይስቁባቸው ነበር። ነገሩ ግን በደንብ ለመስማት ነው። በሙያቸው ምክንያት አንድ ጆሯቸው ደክሟል፤ ባርኔጣው ድምጽ ይከለክላቸዋል።

ላይ ሆነው የሚለቁት ኦቦ ቃሲም ናቸው፣ የፎቁ ዘበኛ። የደራ ገበሬ ነበሩ፤ ልጆቻቸው እርሻውን ሲረከቡ ወደ አዳማ መጡ። ገለባውንም ከደራ የሚያስመጡልን እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ጋሽ ሽፈራው ራሳቸው ይወጡ ነበር። ኋላ ግን ልባቸውን ሐኪም ስላየው ደረጃ ተከለከሉ፤ ሰባት ፎቅ መውጣት ለኦቦ ቃሲም ተሰጠ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ሳጥኑን በገመድ ይስባሉ፣ ጣሪያው ላይ ካለው መንጠቆ በናይለን ክር ያንጠለጥሉታል፣ ገመዱን ልቅ አድርገው ወለሉ ላይ ይጠቀልሉታል። ከታች «ልቀቅ» ሲባል ክሩን በክብሪት ያቃጥሉታል። በቢላ ከተቆረጠ ሳጥኑ ይናወጣል፤ ስለዚህ ክብሪት ነው። ሳጥኑ ገመዱን አስከትሎ ይመጣል። አንድ፣ ሁለት ሳይባል ያርፋል።

የጋሽ ሽፈራው ዘዴ ያለው ሊዱ በሚፈስበት ቦይ ላይ ነበር። ከሁለት ቀጫጭን የመዳብ ቁራጭ ሠሩት፤ በአንድ በኩል ጠባብ፣ በሌላ በኩል ሰፊ፣ እንደ መለከት አፍ። አረፋ ጠባብ ቦታ አትወድም፤ ከተጨነቀች ወደ ሰፊው ትሸሻለች ይሉ ነበር። ሰፊውን አፍ ሆን ብለው ወደ ታች አዞሩት። አረፋ ወደ ታች ሄዳ አታውቅም። ወደ ታች ከሄደች፣ የወሰዳት ክብደት ሳይሆን የቦዩ ቅርጽ ነው፤ ማንም ሊከራከር አይችልም። ወደ ላይ ከሄደች ግን ዘዴው አልሠራም።

ሊዱ ሳጥኑ ውስጥ በባትሪ ይቀልጣል፣ ወርዶ ሳያልቅ ይደርቃል። ብሩክ ወስዶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለሁለት ይቆርጠዋል። ቁራጩን ይዞ ሲመጣ ከሩቅ አካሄዱን አይተን እናውቃለን።

«ወደ ላይ» ይላል።

ደግመው ጣሉ። ወደ ላይ። ቦዩን አጠበቡት፣ እንደገና ወደ ላይ። ያን ሰሞን ነው ሐጂ ሰዒድ እያመነቱ የመጡት። ጫማቸውን እያዩ፣ «መምህር፣ ሊፍቱ ሞጆ ደርሷል» አሉ። «ቀረጡ ካለቀ በዚህ ሳምንት ይመጣል።»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አሏቸው ጋሽ ሽፈራው፣ ከልባቸው። ሐጂ ከሄዱ በኋላ ግን ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። ሁልጊዜ የጋዝ ውሃ ጠርሙስ ይይዛሉ፤ ያን ቀን ሳይከፍቱት በሁለት እጃቸው መሀል ያሽከረክሩታል። «ምናልባት ሐሳቡ ራሱ ስህተት ነው» አሉ ለብሩክ። እንደዚያ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ደግመው ጣሉ። ሳጥኑ አረፈ። ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ። ልማድ ሆኖባቸው፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ «ምን አየሽ?» አሉ።

ያየሁትን መናገር ፈራሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅማ። ግን የገባሽን አልጠየቅኩሽም ብለውኛል። «ገለባው አልተሰባበረም» አልኩ። «በፊት በጣልን ቁጥር ፍራሹን ፈትቼ ገለባውን አራግፍ ነበር። ሰሞኑን አላራገፍኩም። ሳጥኑም ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አይሰምጥም።»

ጋሽ ሽፈራው ዞሩ። መጀመሪያ ፍራሹን፣ ቀጥሎ ከሳጥኑ ወደ ላይ የተዘረጋውን ገመድ አዩ። ኦቦ ቃሲም ደረጃውን ወርደው እስኪመጡ ጠበቁ።

«አካም ቡልተን ጋሼ፣ ዛሬስ ወጣች?» አሉ ኦቦ ቃሲም እያላባቸው።

«ቃሲም» አሉ፣ «እጅህን ምን ሆነህ ነው በሻርፕ የጠቀለልከው? በዚህ ሙቀት?»

ኦቦ ቃሲም እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። ከዚያ ራሳቸው አወጡት። ሻርፑ መሀሉ ላይ በገመድ ፍትጊያ ጠቁሯል።

«ገመዱን እየያዝክ ነው የምትለቀው?»

«ብዙም አልይዝ። ለስለስ እንዲል ብቻ።»

«ለምን?»

ኦቦ ቃሲም መሬት መሬት አዩ። «ጋሼ፣ እኔ ገበሬ ነኝ። የእንቁላል ቅርጫት ከጋሪ ሲወርድ እጅ ይደገፋል። እርስዎ ስንት ቀን የለፉበትን ሳጥን እጄን አጣጥፌ ልጣለው? በፊት እርስዎ ላይ ሳሉ እርስዎ ናቸው የሚጥሉት፣ የራስዎ ነው። ሐኪም ቤት ተኝተው ከመጡ ወዲህ ግን… ሲወድቅ እርስዎ የወደቁ ይመስለኛል። እጄ እምቢ አለኝ።»

ብሩክ ሊናገር አፉን ከፈተ። ጋሽ ሽፈራው እጃቸውን አንስተው ከለከሉት። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተቀመጡና መሳቅ ጀመሩ። እንደሳል አድርጎ የሚጀምር፣ ትከሻ የሚያነቃንቅ ሳቅ ነበራቸው። መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ሳቁ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ስንት ተማሪ አስተምሬ እንዳንተ ያዘነልኝ የለም። ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ።»

የጋዝ ውሃቸውን ከፈቱ። አረፋው ተንጫጭቶ ወደ ላይ ሮጠ። በባዶው ሳጥን ውስጥ ጠርሙሱን አሰሩት፤ ፊት ለፊቱ የብሩክን ስልክ፣ ቪዲዮ እየቀረጸ። «ይህ ውሃ ነው፣ ቢፈስም አይቆጭህ። ገመዱን መሬት ጣለው፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፣ ከዚያ ክሩን አቃጥል።»

«እጄ ኪሴ ከገባ ክብሪቱን በምን ልያዝ?»

«አንዱን እጅህን።»

ወጡ። ጣሉት። ጉድጓዱ ዱብ አለ፣ ኦቦ ቃሲምም ወርደው መጡ። ስልኩን አውጥተን፣ አራታችን ግንባራችንን አጋጥመን፣ ቀስ ባለ እንቅስቃሴ አየነው። አረፋዎቹ ጠርሙሱ ውስጥ እየተገፋፉ ይወጣሉ፣ ይወጣሉ፤ ክሩ ሲበጠስ ሁሉም ባሉበት ቀሩ። ትልቁም ትንሹም። ውሃው መሀል ተንጠልጥለው ቆሙ፣ ምንም እንደማይቸኩሉ። እስኪያርፍ ድረስ እንደዚያ ነበሩ።

«ቆሙ» አሉ ኦቦ ቃሲም።

«ቆሙ።»

«ማን ቁሙ አላቸው?»

«ማንም። ላይ የሚባለው ነገር ጠፋባቸው። አንተ ገመዱን ስትይዝ ግን ላዩን ትመልስላቸዋለህ። እነሱም አመስግነው ይወጡልሃል።»

ኦቦ ቃሲም ቪዲዮውን ደግመው አስከፈቱ። ሦስተኛ ጊዜም አስከፈቱ። ከዚያ ሻርፑን ከእጃቸው ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት።

ሊፍቱ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ የሊፍት ገጣሚ ሠራተኞች ዕቃውን እንደታሸገ ከታች ወለሉ ላይ ደረደሩት። ጋሽ ሽፈራው አዲስ ቦይ ሠርተው፣ ሊዱን አዘጋጅተው የመጡት በዚያች ጠዋት ነበር፤ ከዚያ በፊት አልደረሰላቸውም። የገጣሚዎቹ ኃላፊ ሰዓቱን እያየ ቆመ። «አባባ፣ እኛ ጊዜ የለንም። ጉድጓዱ ዛሬ መጽዳት አለበት።»

ሐጂ ሰዒድ ከሱቃቸው ወጡ። «ልጄ፣ ይሄ ፎቅ ያለ ሊፍት ስንት ዓመት ቆሟል። ሻይ እስክትጠጡ አይፈርስም» አሉት። አክስቴ ለወትሮው ለፍራሹ ሥራ እኔን ነበር የምትልከኝ፤ ያን ቀን ሱቋን ዘግታ መጥታለች። ገጣሚዎቹ የሊፍቱ ዕቃ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ይዘው ማየት ጀመሩ።

ብሩክ ወደ ጋሽ ሽፈራው ጠጋ ብሎ፣ «አንድ ተማሪ ልላክና ላይ ሆኖ ገመዱን ይይልን። ይህቺ የመጨረሻችን ናት» ሲል ሰማሁ።

«ቃሲም ነው የሚጥለው» አሉ።

«ቢይዘውስ?»

«ብሩክ፣ በዚህ ፎቅ ላይ መልቀቅ ምን እንደሚከብድ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።»

ኦቦ ቃሲም ይህን ሰምተዋል። ሳጥኑን አዩትና ወጡ። ደረጃው ላይ እግራቸው ሲርቅ ሰማን። ገመዱ ተጎተተ። ሳጥኑ እየተወዛወዘ ወደ ጨለማው ገባ። አክስቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ እያደረገች ነው። ላዩ ላይ፣ «ቢስሚላህ» የሚል ድምጽ መጣ። ጋሽ ሽፈራው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልቀቅ» አሉ፣ ጮክ ሳይሉ። ብሩክ ነው ደግሞ የጮኸላቸው።

ድምጹ ከሌላው ቀን ይለያል። ገለባውና አቧራው በጉድጓዱ በር ወጥቶ ገጣሚዎቹን አለበሳቸው። አንዱ ሻዩን ደፋ። ጋሽ ሽፈራው ቀረብ አላሉም። ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ።

«ምን አየሽ?»

«ሳጥኑ ጠፍቷል» አልኩ። «ሰምጧል፣ አይታይም።» ያን ያህል ሰው ፊት ድምጼ ከፍ ብሎ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ።

ኦቦ ቃሲም ሲወርዱ ሁለቱንም መዳፋቸውን ዘርግተው እያሳዩ ነው የወረዱት። ምንም የለባቸውም።

በማግስቱ ጋሽ ሽፈራው ብቻቸውን አክስቴ ቤት መጡ። ገና ያልተሰፋ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ፣ ከጋውናቸው ኪስ የክብሪት ቀፎ አወጡ። ውስጡ የምስር ፍሬ የምታክል የተቆረጠች ሊድ አለች፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ታበራለች። በአጉሊ መነጽራቸው አሳዩን። ጠባቡ በኩል ሙሉ ነው፤ መሀሉም ሙሉ። ታች፣ ሰፊው አፍ ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት አለ፤ በር ከፍቶ የሄደ ሰው የተወው ዓይነት።

«በታች በኩል ወጣች» አሉ።

«ማን ናት የወጣችው?» አለች አክስቴ፣ ደንግጣ።

«አረፋዋ።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔማ ልጅዎ ከባሏ ቤት ወጣች ብዬ ነበር።»

ያን ያህል ጊዜ የለፉለት ነገር ሲሳካ ሰው የሚዘል ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ሻይ ጠየቁ። አንዱን ግማሽ ብሩክ ለምርምሩ እንደያዘው፣ ሌላው ይሄ እንደሆነ ነገሩን። «ትንሽ ነገር ናት» አሉ። «ትልልቆቹ አገሮች በትልቅ መሣሪያ ይሠሩታል። ግን አንድ ቀን እዚያ ላይ ቧንቧ ሲሰበር፣ ቦዩን በዚህ በኩል አስፉት የሚል ሰው ከእኛም በኩል ይኖራል።» የክብሪት ቀፎውን ዘግተው ሲነሱ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው። ለኦቦ ቃሲም ሊሰጡት ነው።

«የእርስዎ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ ቦዩን ነው የሠራሁት። የጣላት እሱ ነው።»

ሊፍቱ ሥራ ሲጀምር ሐጂ ሰዒድ ከሁሉ በፊት እሳቸውን አሳፈሩ። እኔንም እጄን ይዘው አስገቡኝ። ሰባተኛ ደርሰን ልንወርድ ስንል ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አሁን ተጠንቀቂ» አሉኝ፣ «ልክ ሲነሳ፣ ዓይን እስኪጨፈን፣ ትንሽ ትቀልያለሽ። ክብደትሽን ሁሉ አይወስደውም፣ ግን ቆንጥሮ ይወስዳል። እዚያ ላይ ያሉት ቀኑን ሙሉ የሚኖሩት እንደዚህ ነው።» ቀለልኩ። ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ።

ኦቦ ቃሲም ግን ለመውረድ አልገባም አሉ። ወደ ላይ ይሳፈራሉ፤ ወደ ታች በደረጃ ነው። ሐጂ ቢለምኗቸው፣ ተከራዮች ቢቀልዱባቸው፣ እምቢ ነው። «ሳጥን ስጥልበት የኖርኩበት ጉድጓድ ነው፣ እኔን ደግሞ ይጥለኛል?» ይላሉ። ጋሽ ሽፈራው ወደ ልጃቸው ወደ ባቱ ከሄዱ በኋላም አልፎ አልፎ ሲመጡ፣ «ቃሲም፣ አሁንም በእግርህ ነህ?» ይሏቸው ነበር። «በእግሬ ነኝ ጋሼ።» «ጊዜ አለህ።» እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሐጂ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ መጋረጃ መስፋት ስጀምር፣ ከጋሽ ሽፈራው የተማርኩት ለደንበኛ ይበቃኝ ነበር። ሰው ሲገባ ቤቱ ምን እንደሚመስል እጠይቃለሁ፤ መልሱን እጠብቃለሁ።

የማረፋቸውን ዜና የሰማሁ ዕለት፣ ብሩክ ከሊፍቱ ወጥቶ ለሐጂ ሊነግር ሄደ። የእሱ ተማሪዎች ዘንድሮ የውሃ ማማ ተፈቅዶላቸው በአሉሚኒየም እየሞከሩ እንደሆነም ከመሄዱ በፊት ነገረኝ፤ ጋሼ ይህንን ሰምተው ነው ያረፉት። እኔ ኦቦ ቃሲምን ፍለጋ ወጣሁ። ሰባተኛ ፎቅ፣ የውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ነገርኳቸው። ነፍሳቸውን ይማር አሉ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው የክብሪት ቀፎውን አወጡ፣ ከፈቱት፣ ዘጉት።

«ባቱ ለቀብር እንሂድ» አልኩ። «ብሩክ መኪና ይዟል፣ ታች እየጠበቀን ነው።»

ወደ ደረጃው ሄዱ። አንድ ደረጃ ወረዱና ቆሙ። ተመልሰው መጥተው ሊፍቱ በር ላይ ከእኔ ጋር ቆሙ። ቁልፉን ተጫንኩ። ገባን። ግድግዳው ላይ ያለውን የብረት መያዣ በዚያ ገመድ በበላው መዳፋቸው አንቀው ያዙት፤ ጅማታቸው ተገተረ። ባርኔጣቸውን በሌላው እጃቸው አወለቁ። በሩ ተዘጋ።

ሊፍቱ ሲነሳ ያቺ የታወቀች ቅለት ሆዴ ውስጥ መጣች። ኦቦ ቃሲም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ስድስተኛውን አለፍን፣ አምስተኛውን። ታች ልንደርስ ስንል ዓይናቸውን ገለጡ፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አለ።

«ሐያት» አሉኝ፣ እንደ ጋሽ ሽፈራው ረጋ ብለው፣ «ምን አየሽ?»

«መያዣውን ሲለቁት አየሁ» አልኳቸው።